440 ጠርሙስ የለውዝ ቅቤ ከገበያ የሰበሰብኩበት ሳምንት

የላቦራቶሪው ውጤት የደረሰኝ ታኅሣሥ 19 ቀን ነበር። ጾመ ነቢያት አልተፈታም፤ የለውዝ ቅቤ ደግሞ በጎንደር ከምንም ጊዜ በላይ የሚሸጠው በጾም ነው። ናሙናውን ወደ አዲስ አበባ የላክሁት አንድ ሱፐርማርኬት የምርመራ ወረቀት ካላመጣሽ አልረከብም ስላለኝ ነበር። ውጤቱን ሳልጠብቅ ለሌሎቹ ደንበኞቼ አከፋፈልሁ። ወረቀቱ ሻጋታ የሚያመነጨው መርዝ፣ የአፍላቶክሲን፣ መጠን በኪሎ ግራም 38 ማይክሮግራም ይላል። ኮዴክስ የተባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ ገና ለሚቀነባበር ለውዝ እንኳ የፈቀደው ጣሪያ 15 ነው።

ነሐሴ ላይ የገዛሁትን ለውዝ ከነጆንያው ሲሚንቶ ላይ፣ ግድግዳ አስጠግቼ ደርድሬው ነበር። የክረምቱ እርጥበት ከታች ገባበት። የሻገተውን ፍሬ እየለቀምን እንጥላለን፤ ነገር ግን መርዙ ከውጭ ደህና በሚመስል ፍሬ ውስጥም ይኖራል፤ መቁላትም ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። ጉበትን ይጎዳል፣ ለዓመታት ሲወሰድ ካንሰር ያመጣል። በብዛት ሲበላ ደግሞ በአጭር ጊዜ ሊገድል ይችላል፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2004 በኬንያ በተመረዘ በቆሎ ምክንያት 125 ሰዎች ሞተዋል። የእኔን ምርት ጠዋት ጠዋት በዳቦ ቀብተው ለልጆቻቸው የሚሰጡ እናቶች አውቃለሁ።

አንድ የማከብራቸው ነጋዴ «ልጄ፣ ሌላ ናሙና ላኪ፤ ምናልባት ንጹሕ ይወጣል» አሉኝ። ሊወጣም ይችል ነበር። መርዙ በጆንያው ሁሉ እኩል አይበተንም፤ በጥቂት ፍሬዎች ላይ ይከማቻል፤ እኛም የምንፈጨው በጥቂት በጥቂቱ ነው። አንዱ ጠርሙስ ንጹሕ ሆኖ ሌላው ሊመረዝ ይችላል። ስለዚህ ሁለተኛው ወረቀት ለእኔ መጽናኛ ይሆነኝ እንደሆነ እንጂ ለበላተኛው ምንም አያደርግለትም። ሽያጩን በዚያው ሰዓት አቆምሁ፤ መጋዘን የቀረውን ለይቼ ቆለፍሁበት፤ በማግሥቱ ጠዋት ወረቀቱን ይዤ ወደ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ሄድሁ። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ደኅንነቱ ያልተጠበቀ ምግብ ለገበያ ማቅረብን ይከለክላል፤ እኔ ግን የሄድሁት አዋጁን ፈርቼ ብቻ አልነበረም። ብቻዬን ልሸከመው አልቻልሁም።

ከሁሉ የከበደኝ ደብተሬን የገለጥሁበት ማታ ነው። የተመረመረው አንድ ዙር ምርት ነው፤ 220 ጠርሙስ። በዚያው ሳምንት ከሌላ ጆንያ ሌላ 220 አምርቻለሁ። በሁለቱም ክዳን ላይ ያለው ያው የአገልግሎት ማብቂያ ወር ብቻ ነው፤ የትኛው ዙር መሆኑን የሚለይ የባች ቁጥር የለም። ደብተሩም «ማራኪ 24፣ አራዳ 36፣ አዘዞ 18» ይላል እንጂ የትኛው ዙር ለማን እንደሄደ አይናገርም። ምናልባት ደህና የነበረውን ግማሽ ከመርዛማው መለየት ስላልቻልሁ ሁለቱንም መሰብሰብ ግድ ሆነብኝ። አንዲት ቁጥር ክዳኑ ላይ ማተም የሚወስደው ጊዜ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም።

ከሱቅ መደርደሪያ ማንሳቱ ቀላሉ ክፍል ነበር። ለ19ኙም ባለሱቆች ደወልሁ፤ ከሠራተኞቼ ጋር ሁለት ቀን ሙሉ በባጃጅ እየዞርን ሰበሰብን፤ ገንዘባቸውን እዚያው መለስሁ። ገንዘቡን በእጅ መያዝ ያስፈልጋል፤ «በኋላ እናወራርዳለን» ከተባለ ባለሱቁ ጠርሙሱን ከጀርባ አስቀምጦ ይጠብቃል፤ አልፈርድበትም።

ሰው ቤት የገባውን ማስመለስ ግን ሌላ ሥራ ነው። የመጀመሪያው ማስታወቂያዬ «በጥራት ጉድለት ምክንያት ምርታችንን እየሰበሰብን ነው» ይል ነበር። አንዲት ሠራተኛዬ ለእናቷ ብታነብላቸው «ታዲያ ጣዕሙ ምን ሆነ? እኔ ወድጄዋለሁ» አሏት። በአነጋገሬ ራሴን ስሸፍን ሰውን ማሳሳቴን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ቀድጄ እንዲህ ብዬ ጻፍሁ፦ «ይህ የለውዝ ቅቤ መርዝ ተገኝቶበታል። አትብሉት፤ ለልጅም ለከብትም አትስጡ። የተከፈተም ቢሆን ይዛችሁ ኑ፤ ገንዘባችሁ ይመለሳል።» ከሥሩ የጠርሙሱን ፎቶግራፍና ስልኬን አደረግሁ። በየሱቁ ለጠፍን፤ እድሮች ተናገሩልን፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ዓርብም ከስግደት በኋላ እንዲነገር ለመንን። ጥምቀት ቀርቦ ነበር፤ እንግዳው ወደ ከተማው ሳይጎርፍ ማለቅ ነበረበት። ከዚያ በኋላ የሚገዛ ሰው ወደየአገሩ ይዞት ይሄዳልና።

የተሰበሰበው ክምር ደግሞ የራሱን ፈተና ይዞ መጣ። ላም የሚያረቡ ጎረቤቴ «እትዬ፣ ከመጣሉ ለከብት ብትሰጪኝ?» አሉኝ፤ በቅንነት ነው። ነገር ግን ላሟ የበላችው አፍላቶክሲን ከፊሉ ተለውጦ በአንድ ቀን ውስጥ ወተቷ ላይ ይታያል። የእኔን ጠርሙስ መልሰው በወተት ለሕፃን ማጠጣት ነበር የሚሆነው። ቆሻሻ መጣያ ብጥለውም ከነክዳኑ የሚያነሣው ችግረኛ አይጠፋም። ስለዚህ የተቆጣጣሪው ባለሙያ ባሉበት እያንዳንዱን ከፍተን፣ ከአመድና ከአፈር ጋር ለውሰን፣ ከከተማ ወጣ ብሎ በተፈቀደልን ቦታ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ቀበርነው፤ ቁጥሩም በቃለ ጉባኤ ተያዘ።

ሒሳቡ እንዲህ ነው፦ ከመጋዘን 92፣ ከሱቆች 201፣ ከቤት የተመለሰ 78፣ በልተን ጨርሰናል ያሉ 38። ጤና ጣቢያ ሄደው እንዲታዩ የነገርኋቸው ለእነዚህ ቤተሰቦች ነው፤ አንዳንዶቹን በየወሩ እደውልላቸዋለሁ። 31 የት እንደገባ አልታወቀም።

አሁን ጆንያው ከወለልና ከግድግዳ ርቆ እንጨት ላይ ነው የሚያርፈው። ከየዙሩ ሁለት ጠርሙስ ይቀመጣል፤ ውጤት ሳይመጣ ምንም አይወጣም። በዓመት ሁለት ጊዜ ደግሞ ሠራተኞቼ ሳያውቁ አንድ ጠርሙስ ከሱቅ ገዝቼ አመጣና «ይህ ከየትኛው ጆንያ ነው? ወንድሞቹስ የት አሉ?» እላለሁ። የመጀመሪያ ጊዜ ለመመለስ አንድ ቀን ተኩል ፈጅቶባቸዋል፤ ባለፈው ግን ሦስት ሰዓት።

በዐቢይ ጾም አጋማሽ አንዲት ሴት ከደባርቅ በአውቶቡስ መጡ። እህታቸው ነግራቸው ነው፤ ያልተከፈተ ጠርሙስ በነጠላቸው ጠቅልለው ይዘዋል። ገንዘባቸውንና የመሳፈሪያቸውን ሰጠሁ። ደብተሩ ላይ 31 የሚለውን ሰርዤ 30 ጻፍሁ።