የሃርድቶፕ ዲፈረንሻል፦ የፊቱን ወደ ኋላ፣ የኋላውን ወደ ፊት

ነዳጅ ሲሰጠው እያፏጨ እግር ሲነሳለት ዝም የሚል የኋላ ዲፈረንሻል (የሞተሩን ኃይል ወደ ጎማዎቹ የሚያዞረው የጥርስ ዕቃ) ያለበት የድሮ ሃርድቶፕ ላንድክሩዘር ካላችሁ፣ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ መለዋወጫ ሻጮች ዘንድ ወርዳችሁ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት የፊቱን ዲፈረንሻል እዩት። እ.ኤ.አ. ከ1990 እስከ 1999 በተሠራው ኤችዜድጄይ 75 ሞዴል ላይ የፊትና የኋላ ኮሮናው (ትልቁ ክብ ጥርስ) እኩል 9.5 ኢንች ነው። ፍሪ ሃቡ (የፊት ጎማውን ከዘንጉ ጋር የሚያገናኘው መቆለፊያ) ካልተቆለፈ ደግሞ የፊቱ ስለማይዞር፣ ኋላው ሲያልቅ እሱ ገና እንደ አዲስ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱን ማለዋወጥ ይቻላል።

«ያለቀውን ወደ ፊት ብታስገባው እዚያም ይጮሃል» የሚል መካኒክ አይጠፋም። ግማሽ እውነት ነው። የኮሮና ጥርስ ሁለት ገጽ አለው። መኪናው ወደፊት ሲሄድ የኋላው ዲፈረንሻል በአንዱ ገጽ ይጎትታል፤ ሌላው የሚሠራው በሞተር ፍሬን ስትወርዱና ወደ ኋላ ስትሄዱ ነው። ያው ዲፈረንሻል ዞሮ ፊት ላይ ሲታሰር ሁሌ በተቃራኒ ስለሚሽከረከር ሸክሙ ብዙ ባልተበላው ገጽ ላይ ያርፋል። ከፊት ወደ ኋላ የሚሄደውም እንዲሁ ያልተነካ ገጹን ያገኛል። አንድ ችግር ግን አለ፦ የፊቱ ዲፈረንሻል የሚሠራበት ያ ሁለተኛው ገጽ በአቆራረጡ ደካማ ነው። ስለዚህ ሎው (ከባዱን የፎር ዊል ማርሽ) አስገብቶ ከጭቃ በወደፊት ማርሽ መንጨት ጥርስ ያስበላል።

78፣ 79ና 80 በሚባሉት የላንድክሩዘር ሞዴሎች ላይ ግን አትሞክሩ። የፊታቸው ኮሮና 8 ኢንች ነው፣ ፒኞኑ (ኮሮናውን የሚያዞረው ትንሹ ጥርስ) ከመሃል በላይ ገብቷል፣ ጥርሱም በተቃራኒ የተቆረጠ ነው።

ድምፁ እግር ቢነሳም የማይለወጥ ጉርምርምታ ከሆነ ጥፋቱ የኩሽኔታ (የቤሪንግ) ነው፤ ዲፈረንሻሉን መቀያየር ችግሩን ቦታ ማዘዋወር ብቻ ይሆናል። ካርዳኑን (ከማርሽ ሳጥኑ የሚመጣውን ረጅም ዘንግ) ፈትታችሁ የፒኞኑን ፍላንጅ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ግፉ፤ ትንሽም ቢሆን ጨዋታ (ልቅነት) ካለው ዲፈረንሻሉ አይለዋወጥም። የፊቱን ዘይት ስታፈሱ ወተት መስሎ ከወረደ ውሃ ገብቷል፤ ቆሞ የከረመ ኩሽኔታ ደግሞ በውሃ ቶሎ ይዝጋል። በዲፈረንሻሉ መሃል ያሉት ትንንሽ ጥርሶች ኋላ አራት ሆነው ፊት ሁለት ብቻ ከሆኑ፣ ጭነት ለሚበዛበት መኪና ልውውጡን ብትተዉት ይሻላል።

ኋላው ቀላል ነው። ስድስቱን ዳዶ ፈትታችሁ የሾጣጣዎቹን ሮንዴላ ቦታ በነሐስ መዶሻ ስትመቱት ይለቃል፤ ከዚያ የጎማ መንጃ ዘንጉን መሳብ ነው፣ ጎማ መፍታት አያስፈልግም። ፊቱ ግን ግማሽ ቀን ይበላል፦ ሃቡ፣ የጎማው ኩሽኔታ (ዳዶው በ54 ሚሊሜትር መፍቻ ይፈታል)፣ ከዚያ ዘንጉን ከዲፈረንሻሉ ጥርስ እስኪላቀቅ ማውጣት። ዘንጉ ሲወጣና ሲገባ የውስጡን የዘይት ጎማ (ዘይቱ እንዳያልፍ የሚይዘውን) ይቆርጠዋል። እሱን ሳትቀይሩ ብትገጥሙ የዲፈረንሻል ዘይት ግራሶው ውስጥ ገብቶ ያቀጥነዋል፣ በሳምንቱ ጎማው ጥግ ላይ ይንጠባጠባል። ዲፈረንሻሉን በክሪክ ደግፋችሁ አውርዱት፤ ከባድ ነው፣ ደረት ላይ የሚቀበሉት ዕቃ አይደለም።

ሙሉውን ከነቤቱ ቀይሩ። ኮሮናና ፒኞን ተፋጭተው የተጣመሩ ናቸው፤ የአንዱን ኮሮና ከሌላው ፒኞን ጋር ማቀላቀል በጥቂት መቶ ኪሎሜትር ውስጥ ያስጮሃል። የኩሽኔታ መያዣ ክዳኖቹም ከቤቱ ጋር አብረው የተቦረቦሩ ስለሆኑ አይለዋወጡም፣ የግራው ቀኝ አይገባም። ከመግጠማችሁ በፊት ኮሮናውን በመለኪያ ሰዓት ነክታችሁ ጨዋታውን እዩ፤ ከ0.15 እስከ 0.20 ሚሊሜትር መሆን አለበት። ጥርሱንም ቁጠሩ፦ ኮሮናው 37፣ ፒኞኑ 9 ከሆነ ሬሾው 4.11 ነው፣ የፊቱና የኋላው ሬሾ እኩል ካልሆነ ፎር ዊል በደረቅ አስፋልት ላይ ባስገባችሁበት ቀን አንድ ነገር ይሰበራል።

ጓርኒሲዮኑ (በመገጣጠሚያው መሃል የሚገባው ማሸጊያ) አዲስ ይሁን፣ የድሮው ጥራጊ ተፍቆ ይነሳ። 6 ሊትር ጂኤል 5 ደረጃ ያለው 80 ደብሊው 90 ዘይት ግዙ፣ በመሙያው ቀዳዳ እስኪፈስ ሙሉ። የአየር መተንፈሻውንም ቱቦ ንፉበት፤ ከተደፈነ አዲሱን የዘይት ጎማ ግፊቱ ራሱ ያፈነዳዋል። ከ500 ኪሎሜትር በኋላ የሁለቱንም ዘይት አፍስሱና ማግኔት ያለው መዝጊያ ላይ የተጣበቀውን እዩ። እንደ ጭቃ የላመ ብናኝ ጤነኛ ነው። በጥፍር የሚያዝ ስንጣሪ ካገኛችሁ ዲፈረንሻሉ ተመልሶ ይወርዳል።