ከበሽታው በፊት ጫካ ውስጥ የቆመው መልስ

ጌታ ይመስገን! የምንመሰክረው የጅማ ቡና ገበሬ ሁሉ የሚያውቀውን ነገር ነው፤ የፍሬ በሽታን የሚቋቋም ቡና መገኘቱን። እንደ ጸሎት መልስ ቆጥሮ እልል የሚልለት ግን ጥቂት ነው።

የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን ውስጥ የታየው በፈረንጆች 1971 ነው። ፈንገስ ነው፤ ዛፉን አይገድልም፣ የሚፈልገው ፍሬውን ነው። ለጋ አረንጓዴ ፍሬ ላይ መጀመሪያ የመርፌ ራስ የምታክል ጠቆር ያለች ነጥብ ትወጣለች። ነጥቧ እየሰፋች ወደ ውስጥ ትሰረጉዳለች፣ ፍሬው ይጠቁራል፣ ከዚያ ወይ ይረግፋል ወይ ከሰል መስሎ ቅርንጫፉ ላይ ይደርቃል። ያ የደረቀ ፍሬ ተለቅሞ ካልተወገደ በሽታውን ለሚቀጥለው ዓመት ያቆያል። የዝናብ ጠብታ ከላይኛው ቅርንጫፍ ወደ ታችኛው ስለሚያወርደው ቀዝቃዛና ጭጋጋም ደጋ ላይ ይብሳል። ክፋቱ ደግሞ አበባው አምሮ፣ ፍሬው ይዞ፣ ገበሬው ብድሩን በልቡ ከፍሎ ከጨረሰ በኋላ መምጣቱ።

መልኮ ያለው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል ባለሙያዎች በሽታው ክፉኛ የመታው ቡና ውስጥ ገቡ። በዙሪያቸው ያለው ሁሉ ሲጠቁር ፍሬያቸው ንጹሕ ሆኖ የቆየ ዛፎችን ለይተው ምልክት አደረጉ። ከእነዚያ ዘር ወስደው አበቀሉ፣ ገና ቅጠል ያላወጣውን የችግኝ ግንድ ራሱን ፈንገሱን አስነክተው ፈተኑት፤ የወደቀውን ጣሉ፣ የቆመውን ያዙ። 741 የተባለው የቡና ዝርያ ከጌራ፣ 74110 እና 74112 የተባሉት ደግሞ ከመቱ አካባቢ የተገኙት እንዲህ ነው። ቁጥሩ መጀመሪያ ላይ ያለው 74 የተመረጡበት የፈረንጆች 1974 ነው። አረቢካ ራሱን በራሱ ስለሚያዳቅል የእናት ዛፏ ጠባይ ዘሯ ላይ ይወጣል።

ምስክርነታችን እዚህ ላይ ነው። መልሱ ከበሽታው በኋላ አልተፈጠረም። ሰው ቁጥር ሳይሰጣቸው፣ ማንም ሳይጸልይላቸው፣ ዛፎቹ እዚያው ጫካ ውስጥ ቆመው ነበር። ሐዋርያው ጴጥሮስ ስለ ክርስቶስ የሚለውም ይህንኑ ነው፤ ዓለም ሳይፈጠር የታወቀ፣ በመጨረሻው ዘመን ግን ስለ እናንተ የተገለጠ (1 ጴጥ. 1፥20)። የመዳናችን ደስታ ገና ኃጢአት ሳናውቅ በተዘጋጀ መድኃኒት ላይ የቆመ ነው፤ የዘንድሮ ቡና ቢያምርም ቢከፋም አይነቃነቅም።

መድረክ ላይ ወጥቶ «ጸለይኩ፣ በሽታው ጠፋ» ብሎ የሚያሳጥር ሰው ያስቸግረናል። ምን እንደ ተከለ፣ የጠቆረውን ፍሬ መቼ እንደ ለቀመ፣ ጥላውን ምን ያህል እንዳሳሳ፣ ስንት ዓመት እንደ ጠበቀ ይናገር። አዲስ የተተከለ ቡና የመጀመሪያ ፍሬውን ለማሳየት ከ3 እስከ 4 ዓመት ይፈልጋል። የማናየውን ተስፋ ብናደርግ በትዕግሥት እንጠብቀዋለን የሚለው የሮሜ 8፥25 ቃል ለቡና ተካይ ማብራሪያ አያሻውም። የሚቋቋም ማለት ጭራሽ የማይነካ ማለት እንዳልሆነም ይጨምርበት፤ አለዚያ ሰሚው ለቀማውንና ቅርንጫፍ መግረዙን ይተውና በዓመቱ እግዚአብሔርን ይከሳል።

የባሰው ጥፋት ግን ሌላ ነው። በምስጋናው እሑድ ቀይ እሸት በሰፌድ ሞልቶ የመጣው ፊት ይቆማል፣ ከበሮ ይመታለታል፤ ፍሬው የረገፈበት ኋላ ወንበር ላይ አንገቱን ደፍቶ ይቀመጣል። ዕንባቆም በለስ ባታፈራ፣ በረቱም ባዶ ቢሆን «እኔ ግን በእግዚአብሔር ደስ ይለኛል» ያለው ሰፌዱ ሞልቶ አልነበረም። ለእኛ ከተባለ መዝሙሩን የሚያስጀምረው ያ ኋላ የተቀመጠው ነው።

ከአምልኮው በኋላ ደግሞ ዘር ይሰጠው። ከተደባለቀ ማሳ የተለቀመ አይሁን፤ ከታወቀ ዛፍ፣ ከመካከለኛው ቅርንጫፍ፣ ደም የመሰለ ቀይ እሸት ይሁን። በእጅ ይፈልፈል፣ ይታጠብ፣ ጥላ ውስጥ ይድረቅ። ፀሐይ ላይ የተሰጣ እንደሆነ በደንብ አይበቅልለትም።