ጥፋቱ ሞዞው ውስጥ አልነበረም

መምህር ጉልበታቸው ቆስሎ፣ መዳፋቸው ተልጦ፣ ብስክሌታቸውን እየገፉ የገቡበትን ጠዋት እስካሁን አልረሳውም። አልጮሁብኝም። ብስክሌቱን ግድግዳው ላይ አስደገፉና «ልጄ፣ ዳገቱ ላይ ከኮርቻው ተነሥቼ ስረግጥ ፔዳሉ ባዶ ሆነብኝ» ብለው ወንበር ስበው ተቀመጡ። ብስክሌቱን በዚያ አንድ ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ነክቼዋለሁ። ሦስቱንም ጊዜ «ተስተካክሏል» ብዬ ያስረከብኳቸው እኔ ነኝ።

ያኔ የብስክሌት ጥገና ሥራውን ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ከውጭ የሚታየውን ማርሽ፣ ካቴናው ከፒኞን ወደ ፒኞን የሚዘልበትን ዓይነት፣ በደንብ ለምጄዋለሁ። የመምህር ብስክሌት ግን ማርሹ ኋላ ቸርኬ መሃል፣ ሞዞው (የቸርኬው እምብርት) ውስጥ የተደበቀ ነው። ስተርሚ አርቸር የተባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1902 እንግሊዝ አገር ኖቲንግሃም ውስጥ የተመሠረተው ድርጅት የሠራው ባለ ሦስት ማርሽ፣ ኤ ደብልዩ የሚባለው ሞዞ ነበር። እነዚህ ሞዞዎች ቅርፊታቸው ላይ የተሠሩበት ዘመን ይመታባቸዋል፤ የመምህር 68 ይላል። ከእኔ ዕድሜ የሚበልጥ፣ ጥርሱ ያልተበላ፣ ድምፁ ያልተለወጠ ዕቃ ነው። እንደዚህ ያለ ነገር እጄ ላይ ሲወድቅ ደስ ይለኛል፤ ያን ጊዜም ደስ ብሎኝ ነበር።

መጀመሪያ የመጡት ጎማቸው ተንፍሶ ነው። የኋላውን ቸርኬ አወለቅኩ፣ ካላማዳሪያውን ለጠፍኩ፣ መለስኩ፣ ዳዶዎቹን አጠበቅኩ። የግማሽ ሰዓት ሥራ። ከሳምንት በኋላ ተመለሱና «ሁለተኛ ማርሽ አንዳንዴ ያመልጣል» አሉኝ።

የዚህን ሞዞ ማስተካከያ አውቀዋለሁ። ካቦው፣ ማርሹን የሚቀይረው የሽቦ ገመድ፣ ሲወጠር 1ኛ፣ ሲላላ 3ኛ፣ መሃል ላይ ሲሆን 2ኛ ማርሽ ይገባል። በ2ኛና በ3ኛው መካከል ግን ምንም የማይነክስበት ጠባብ ክፍተት አለ፤ ካቦው ትንሽ ከላላ 2ኛ ማርሽ ወደዚያ ክፍተት ይንሸራተትና ፔዳሉ ወደ ፊት ባዶውን ይሽከረከራል። ማስተካከያው ቀላል ነው፦ ማርሹን 2ኛ ላይ ታደርግና በቀኝ በኩል ባለው ረጅም ዳዶ ቀዳዳ ታያለህ፤ ከአክሱ (ሞዞው ከሚዞርበት የመሃል ብረት) ውስጥ የሚወጣው ዘንግ ትከሻው ከአክሱ ጫፍ ጋር እኩል መሆን አለበት። የመምህር ገባ ብሎ ነበር። ካቦውን ወጠርኩ፣ እኩል ሆነ፣ ሦስቱም ማርሾች ገቡ። መምህርም አመስግነው ሄዱ።

አሥር ቀን ሳይሞላ ተመለሱ። ያው ነገር። ዘንጉ እንደገና ወደ ውስጥ ገብቷል።

እዚህ ላይ ነው የሳትኩት። የተስተካከለ ነገር በአሥር ቀን ከተበላሸ ውስጡ አልቋል ብዬ ደመደምኩ። ሞዞውን ፈታሁት። ነጭ ጋዝ ውስጥ አጠብኩት፣ ጨርቅ ዘርግቼ ዕቃውን በተራ ደረደርኩት፦ አራቱ ትንንሽ ማርሾች፣ የሚያቅፋቸው ቀለበት፣ የመስቀል ቅርጽ ያለው ነካሽ፣ እንዲሁም የጸጉር ያህል የቀጠኑ ሞላዎች ከኋላቸው የሚገፏቸው ጥፍሮች። አንድም የተበላ ጥርስ የለም። ይህ ራሱ ቆም ሊያደርገኝ በተገባ። እኔ ግን ሞላዎቹን በአዲስ ቀየርኩ፤ ጥፍሮቹንም «ይለስልሱ» ብዬ በግራሶ ሞላኋቸው። ዘጋሁት። ኮኑን (የኩሽኔታውን ማስተካከያ) አጠበቅኩና እንደሚገባው ቸርኬው ጠርዝ ላይ በጣት የሚሰማ ጥቂት መላወስ እስኪቀር ድረስ መለስ አደረግሁት። ካቦውን እንደገና ወጠርኩ። ማቆሚያው ላይ ሰቅዬ በእጄ ሳሽከረክረው ሰዓት ይመስል ነበር። በዚያ እምነት አስረከብኳቸው፤ እሳቸውም በዚያው እምነት ዳገት ወጡበት።

የጋራዡ ባለቤት፣ ሥራውን ያስተማሩኝ ሰው፣ መምህርን ውኃ አቀረቡላቸው፣ ቁስላቸውን አዩላቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ምን ነበር ችግሩ?» አሉ።

«ካቦው ይላላል ጋሼ።»

«ካቦ በራሱ አይላላም። ማን አላላው?»

መልስ አልነበረኝም። ሁለት ጊዜ ወጥሬዋለሁ፤ ማን እንደሚያላላው ግን አንድ ጊዜ እንኳ ራሴን አልጠየቅኩም።

ጋሼ ቁልፍ አላነሡም። ከብስክሌቱ ኋላ ቁጭ ብለው በዓይናቸው ብቻ ቸርኬውን ይመለከቱ ጀመር። «ና እየው» አሉኝ። የቸርኬው የፊት ጠርዝ ወደ ግራው የፍሬም ቱቦ ተጠግቷል። ካቴናውን በጣታቸው ሲያነሡት እኔ ካስረከብኩት ይበልጥ ረግቧል። አክሱ በሚገባበት የፍሬም ስንጥቅ ዙሪያ ደግሞ ቀለሙ ተፍቆ ብረቱ ብልጭ ይላል፤ አዲስ ፍቅታ ነው። ቀኙ የአክስ ጫፍ በካቴናው ጉልበት ወደ ፊት ተጎትቷል ማለት ነው። ካቦው ወደ ሞዞው የሚመጣው ከፊት ስለሆነ፣ አክሱ ወደ ፊት በሄደ ቁጥር ካቦው ይላላል። ካቦው ሲላላ 2ኛ ማርሽ ወደዚያ ባዶ ክፍተት ይወድቃል።

«ሮንዴላዎቹስ?» አሉኝ።

የትኞቹ ሮንዴላዎች እንዳሉ ጠየቅኳቸው። ሲጠይቁኝ ግን ሆዴ አውቆታል።

ከሥራ ጠረጴዛው በታች ባለው የብሎንና የዳዶ ጣሳ ውስጥ አገኘኋቸው። ሁለት ወፍራም ሮንዴላዎች፣ ከዳዶ ሥር የሚገቡ የብረት ቀለበቶች፤ ቀዳዳቸው ክብ ሳይሆን ሁለት ጎኑ ጠፍጣፋ፣ አንድ ፊታቸው ላይ ትንሽ ምላስ ያላቸው። ጠፍጣፋው ቀዳዳ የአክሱን ጠፍጣፋ ጎን ይይዛል፤ ምላሱ ፍሬሙ ላይ ካለው ስንጥቅ ውስጥ ይገባል። ጎማውን የለጠፍኩ ቀን አውልቄ አስቀመጥኳቸው፤ ስመልስ ተራ ክብ ሮንዴላ አደረግሁ። ተራ ሮንዴላ መስሎኝ ነበር። ሞዞውን የፈታሁ ቀን እንኳ ያው ክቡን አውልቄ ያንኑ መለስኩ። ውስጥ ያለውን የጸጉር ሞላ ስፈልግ ውጭ ያለውን ብረት አላየሁም።

ይህ ነገር ለምን እንዲህ እንደሚከፋ ጋሼ ባሳዩኝ መንገድ ልናገር፤ በውጭ ማርሽ ያደገ ሰው በቀላሉ አይገባውምና። ሞዞው መሃል ባለ 20 ጥርስ ማርሽ አለ፤ ከአክሱ ጋር አንድ ስለሆነ አይዞርም። አራቱ ትንንሾች፣ እነሱም ባለ 20 ጥርስ፣ ዙሪያውን ይዞሩታል፤ ከውጭ ባለ 60 ጥርስ ቀለበት ያቅፋቸዋል። በዚህ ስሌት 3ኛ ማርሽ ላይ ቸርኬው ከፒኞኑ በአንድ ሦስተኛ ይፈጥናል፣ 1ኛ ላይ በአንድ አራተኛ ይዘገያል፣ 2ኛ ላይ እኩል ይሄዳሉ። ነገር ግን 1ኛ ማርሽ ላይ ቸርኬው የሚያገኘው ጉልበት ካቴናው ከሰጠው በአንድ ሦስተኛ ይበልጣል። ያ ትርፍ ከየት ይመጣል? መሃል ያለው ማርሽ ከአክሱ ላይ ተደግፎ ይሰጠዋል። ስለዚህ ዳገት በወጣህ ቁጥር አክሱ ወደ ኋላ ይጠመዘዛል። 3ኛ ላይ ስትሆን ደግሞ ወደ ፊት። አንዱ ወደዚህ፣ አንዱ ወደዚያ፤ ቀኑን ሙሉ። ምላስ ያለው ሮንዴላ ያን ጥምዘዛ ለፍሬሙ ያስረክበዋል። ክቡ ሮንዴላ ካለ ግን ፍሬሙ ላይ ያለው ስንጥቅ ለአክሱ ሰፊ ስለሆነ አክሱን የሚይዘው የዳዶው ጥብቀት ብቻ ነው፤ ወዲያና ወዲህ የሚጠመዘዝ ዳዶ ደግሞ ጥቂት በጥቂት ይላላል።

ጋሼ በቃል አላበቁም። ክቡን ሮንዴላ እንዳለ ትተው ቸርኬውን ወደ ቦታው መለሱት፤ ዳዶዎቹን እኔ እንደማጠብቀው አድርገው አጠበቁ። በነጭ ቀለም ከአክሱ ጫፍ በዳዶው ላይ አልፎ ፍሬሙ ድረስ የሚዘልቅ ቀጭን መስመር አሰመሩ። «ሂድ፣ ዳገቱን በ1ኛ ውጣው፣ ሜዳውን በ3ኛ ተመለስ። 2ኛን አትንካ፣ ተቀምጠህ ንዳ» አሉኝ። ስመለስ መስመሩ ተሰብሯል። የአክሱ ነጥብና የፍሬሙ መስመር አይገጥሙም። ዕድሜ ልኬን ከሰማሁት ማብራሪያ ሁሉ ያቺ የተሰበረች መስመር በለጠችብኝ። ምላስ ያላቸውን ሮንዴላዎች አስገብተን፣ አዲስ መስመር አስምረን እንደገና ነዳሁት፤ ስመለስ መስመሩ እንዳለ ነበር። እኔም ከዚያ ወዲህ ሥራ ለሚለምድ ሰው የማሳየው በዚያው ቀለም ነው።

መምህር ይህ ሁሉ ሲሆን ወንበሩ ላይ ሆነው ያያሉ። ሄጄ ፊታቸው ቆምኩ። «መምህር፣ የወደቁት በእኔ ነው። ሞዞው ምንም አልሆነም፤ ጎማውን የለጠፍኩ ቀን አንድ ዕቃ ሳልመልስ ቀርቻለሁ» አልኳቸው። ከዚያ በፊት ለማንም ደንበኛ እንዲህ ብዬ አላውቅም ነበር። እሳቸው ዝም ብለው አዩኝና «ዕቃውን አሳየኝ» አሉ። ሮንዴላዋን መዳፋቸው ላይ አደረግሁላቸው። አገላበጧት፣ ምላሷን በጥፍራቸው ነኩ፣ የትኛው ፊት ወደ ፍሬሙ እንደሚገባ ጠየቁኝ። መለስኩላቸው። ሌላ አልተናገሩም።

የግራሶው ዕዳም ጊዜ ጠብቆ ተከፈለ። ቀዝቃዛ ጠዋቶች ሲመጡ መምህር ገና ሲነሡ ፔዳሉ እንደማይነክስ፣ ትንሽ ከሄዱ በኋላ እንደሚይዝ ነገሩኝ። ጥፍሮቹ በግራሶው ተጣብቀው፣ ሞላው ሊያነሣቸው አቅቶት ነው። ቀጭን ሞላ ወፍራም ግራሶ አይገፋም። ሞዞውን ዳግመኛ ፈታሁ፣ ጥፍሮቹን አጠብኩ፣ በቀጭን የማሽን ዘይት መለስኳቸው። ግራሶ ለኩሽኔታው፣ ዘይት ለጥፍሮቹ። የመምህር ሞዞ ቅርፊቱ ላይ ትንሽ የዘይት ክዳን አለው፤ በየጊዜው ጥቂት ጠብታ ከተጨመረለት መፈታት እንኳ አያስፈልገውም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓይነት ሞዞ በእጄ አልፏል። የሺማኖ ኔክሰስ ባለ 8 ማርሹ ማስተካከያው ከአሮጌው ይቀላል፦ 4ኛ ላይ ታደርገዋለህ፣ ሁለት ቢጫ መስመሮች ከተገጣጠሙ ተስተካክሏል። ስለዚህም ሰው ቢጫ መስመሩን ብቻ አይቶ ይሸኘዋል። አክሱ እንዳይዞር የሚይዙት ሮንዴላዎች ግን እዚያም አሉ፤ እንደ ፍሬሙ ስንጥቅ ዓይነት በቀለምና በፊደል ይለያያሉ፣ የግራውና የቀኙም አንድ አይደሉም። ዳዶውም በ30 እና በ45 ኒውተን ሜትር መካከል መጥበቅ አለበት። የጀርመኑ ሮሎፍ 14 ማርሽ አለው፤ ውስጡ በዘይት ስለሚሠራ በየ5000 ኪሎ ሜትሩ ወይም በዓመት አንዴ ዘይቱ ይለወጣል፦ 25 ሚሊ ሊትር ማጠቢያ ይገባል፣ ከተነዳ በኋላ ይወጣል፣ አዲስ ዘይት ይተካል። ውድና ድንቅ ዕቃ ነው፤ አክሱን ከፍሬሙ ጋር የሚያስረው ነገር ግን ከሁሉም ይልቅ በጥንቃቄ የታሰበበት እዚያ ላይ ነው፤ የማርሹ ስፋት በጨመረ ቁጥር አክሱ ላይ የሚመጣው ጥምዘዛም ይጨምራልና። አሁን የውስጥ ማርሽ ያለው ቸርኬ ሳወልቅ ሮንዴላዎቹን በሽቦ ቁራጭ የግራውን ለብቻ፣ የቀኙን ለብቻ፣ በነበሩበት ቅደም ተከተል እሰካቸዋለሁ፤ ሽቦውንም ቸርኬው ላይ አስረዋለሁ።

ማርሹ ያመልጣል የሚል ሰው ሲመጣም መጀመሪያ የምጠይቀው «ቸርኬው በቅርብ ወልቆ ነበር?» ብዬ ነው። አዎ ካለኝ ካቦውን አልነካም፤ ከኋላ ቁጭ ብዬ ቸርኬው ቀጥ ብሎ እንደሆነ አያለሁ፣ ቀለሙን አያለሁ፣ ካቴናውን በጣቴ አነሣለሁ። ሞዞ የፈታሁባቸው ጊዜያት ከዚያ ወዲህ በጣም ጥቂት ናቸው።

መምህር ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ ከሰዓት በሩ ላይ ብቅ አሉ። ብስክሌቱን አልያዙም፤ የኋላውን ቸርኬ ብቻ ትከሻቸው ላይ ተሸክመዋል። ጎማው ተንፍሶ ቤታቸው ራሳቸው አውልቀውታል። ቸርኬውን ከማስቀመጣቸው በፊት ኪሳቸው ገብተው አንድ መሐረብ አወጡ፤ ሁለት ቋጠሮ አለው፣ አንዱ ቋጠሮ ላይ በእስክሪብቶ «ቀኝ» ተጽፎበታል።