የጥር ዝናብ በሐረጎ

ጥር ወር ነው። ኮምቦልቻ ሰርግ አለብን። አክስቴ ጋቢና ተቀምጣለች። ሀበሻ ቀሚስ፣ አዲስ ሹሩባ፣ ሽቶዋ ደግሞ ከሞተሩ ሽታ ጋር ግብግብ ገጥሟል።

ገና ከደሴ ሳንወጣ አንድ የጭነት መኪና አቧራውን አለበሰን። የመስታወት ማጠቢያውን ሳብኩ። ከኮፈኑ ሥር "እዝዝዝ" አለ፤ ውሃ ግን ጠብ አላለም። ዝናብ መጥረጊያው ምን አገባው፣ ማጠቢያው ከተሳበ አብሮ ይነሳል። ደረቁን አቧራ ጭርር እያደረገ መስታወቱን ሞዠቀው።

"መካኒክ ጋ ውሰዳት" አለች አክስቴ።

"ለዚች?" አልኩ።

ፓምፑ እየጮኸ ውሃ ካልመጣ ብዙ ጊዜ ወይ ጋኑ ባዶ ነው፣ ወይ መርጫው ተደፍኗል። ጋኑን በዋዜማው እኔው ሞልቼዋለሁ። በዱቄት ሳሙና በጥብጬ። ሸሚዝ ያነጣ ሳሙና መስታወት ያቅተዋል ብዬ አልጠረጠርኩም! ለካ በቅጡ ሳይሟሟ በቀጭኗ ቱቦ ሄዶ፣ መርጫው አፍ ላይ እንደ ኖራ ደርቋል።

"አክስቴ፣ መርፌ ቁልፍ ይኖርሻል?"

ከነጠላዋ ላይ ነቅላ እያጉረመረመች ሰጠችኝ። ሁለቱንም መርጫዎች እንደ ጥርስ ጎረጎርኳቸው። ነጭ ነገር ወጣ። ኮራሁ፤ ሳልሞክረው ነዳሁ።

የኔዋ መኪና መርጫ ውስጥ ትንሽ ኳስ አለች። የውሃው አቅጣጫ የሚስተካከለው እሷን በመርፌ በማዞር ነው። ይህን ያወቅኩት ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ነው።

ወደ ኮምቦልቻ በወረድን ቁጥር ሙቀቱ ይጨምራል። አክስቴ መስኮቷን ከፈተች። ሌላ አቧራ መጣ። ሳብኩት። የግራው ውሃ መስታወቱን ሳይነካ በጣራው ላይ አለፈ። በስፖኪዮ ሳይ ከኋላችን ያለው ሚኒባስ በጠራራ ፀሐይ ዝናብ መጥረጊያውን አስነስቷል! የቀኙ ደግሞ ነፋስ አግዞት በመስኮት ገባ። አረፋውን ይዞ፣ በቀጥታ ሹሩባዋ ላይ።

"አንተ ልጅ!"

ዳር ይዤ ቆምኩ። የምትጠጣውን ውሃ ይዛ ወርዳ መስታወቱን ራሷ አጠበችው። እስከ ኮምቦልቻ ቃል አልተነፈሰችም።

ሰርግ ቤት ስንገባ አንዷ ዘመዳችን "ደሴ ዘንቧል እንዴ?" አለቻት።

"አልዘነበም። የኔው ጉድ መኪና አጥባለሁ ብሎ እኔን አጠበኝ" አለችና እጇን ወደኔ ዘረጋች።

"መርፌ ቁልፌን አምጣ።"