አንዲት ራኬት ለሦስት

ዛሬ የእህቴን ልጅ ይዤ ሐዋሳ የታዳጊዎች የጠረጴዛ ቴኒስ ውድድር ላይ ዋልኩ። የቡድን ነው፤ አምስት ግጥሚያ፣ ቀድሞ ሦስት ያሸነፈ ያልፋል።

አጠገባችን ከሩቅ ወረዳ የመጡ ሦስት ሴት ልጆች ነበሩ። ያለቻቸው ራኬት አንዲት ናት። አንዷ ተጫውታ ስትወጣ ቀዩ ጎማ ላይ እፍ ትልና በመዳፏ ትጠርገዋለች፤ የእጀታውን ላብ በሹራቧ ጫፍ አድርቃ «አይዞሽ» እያለች ለቀጣይዋ ትሰጣለች። የጎማው ጠርዝ ተነስቶ በፕላስተር ተይዟል። ሦስተኛዋ ግራኝ ናት፤ ከመግባቷ በፊት እጇ እስኪለምደው ሁለት ሦስቴ አገላበጠችው። የሚጫወት ያውቀዋል፣ የሌላ ሰው ራኬት ይዞ መግጠም በሰው ጫማ እንደ መሮጥ ነው።

ሁለት ለሁለት ደረሱ። በመጨረሻው ግጥሚያ፣ በመጨረሻው ጌም 10 እኩል! ትንፋሼን ይዤ አየሁ። ግራኟ 12 ለ 10 ተሸነፈች።

አንጀቴን በላችኝ። ይሄ ስፖርት እኮ ሰፊ ሜዳ አይፈልግም። ርዝመቱ 2.74 ሜትር የሆነ ጠረጴዛ፣ መረብ፣ 2.7 ግራም የምትመዝን ኳስ፤ አንድ ባዶ ክፍል ይበቃዋል። እነዚህ ልጆች ችሎታውም ፍቅሩም አላቸው፣ የጎደላቸው ዕቃ ነው። ቤታችሁ አቧራ የጠጣ ራኬት ካለ እባካችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ የአሰልጣኛቸውን ስልክ ተቀብያለሁ።

ሲወጡ ራኬቷን በፌስታል ጠቅልለዋት ነበር። ግራኟ ሹራቧ ውስጥ ከታ በሁለት እጇ ደግፋ ይዛታለች።