በሚሉኢም ካሚዮን ሹፌር ሆንኩ፦ የገባኝና ያልገባኝ

ሚሉኢም፣ ማለትም የእስራኤል ሠራዊት የተጠባባቂነት አገልግሎት፣ ስጠራ እንደ ድሮው ጥበቃ የምቆም መስሎኝ ነበር። መዝጋቢዋ ወረቀቴን አየት አደረገችና «መንጃ ፈቃድህ የጭነት ነው አይደል?» አለችኝ። ነው። ኪርያት ጋት ውስጥ ዳቦ አከፋፍላለሁ። በቃ፣ ካሚዮን ተሰጠኝ። ሠራዊቱ የራሱ መንጃ ፈቃድ ስላለው ግን እንደገና ተፈተንኩ።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ሥራ አየር ነበር። የዳቦ መኪናዬ ፍሬን በዘይት ነው የሚሠራው፤ ይሄኛው በአየር ነው። ጌጁ ሳይሞላ የእጅ ፍሬኑ አይለቅም፤ ነዳጅ ብትረግጥ መኪናው ይጮኻል እንጂ ንቅንቅ አይልም። በየቀኑ ከሥር ትገባና የተጠራቀመው ውኃ እንዲወጣ የአየር በርሜሎቹን ቀለበት ትስባለህ። ጭስስ! ቅባት የነካው ውኃ ፊትህ ላይ ይተፋብሃል። ሁለተኛው ቀን ላይ ፊቴን ማዞር ለመድኩ። ጎማም እንዲሁ፦ ቡሎኑ ዙሪያ የዝገት መስመር ካየህ ላልቷል ማለት ነው።

ጓደኞቼ የሚቀኑብኝ በእንቅልፌ ነው። ሹፌር ከመንዳቱ በፊት ለ7 ሰዓት ያህል መተኛት አለበት። እነሱ ሌሊት ተረኛ ሲሆኑ እኔ «ደንብ ነው» ብዬ እሸፈናለሁ።

ትልቁን ትምህርት ያገኘሁት ከሚጽጴ ራሞን ወደ ታች በሚጠማዘዘው 40 ቁጥር መንገድ ላይ ነው። የጫንኩት የታሸገ ውኃ ነበር። እግሬን ከፍሬኑ ሳላነሳ ወረድኩ። ግማሽ ላይ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሸተተኝ፤ ፔዳሉም እንደ በፊቱ አልያዝ አለ። አጠገቤ የነበረው አሠልጣኝ ዳር አስይዞኝ ፍሬኑ እስኪበርድ ግማሽ ሰዓት ቆምን።

ማታ ለአጎቴ ደወልኩ። እሳቸው በወጣትነታቸው ከጎንደር ሽሬ በሚሄድ ኤንትሬ የጭነት መኪና ላይ ረዳት ነበሩ፤ ሊማሊሞን ስንቴ እንደወረዱ አይቆጥሩትም። «አንተ ልጅ፣ ፍሬን ለማቆሚያ ነው። ለመውረጃ ማርሽ አለልህ» አሉኝ። «አውቶማቲክ ነው» ብላቸው ሳቁ። በማግስቱ አሠልጣኙን ጠየቅኩት። ለካ አውቶማቲኩንም ዝቅተኛ ማርሽ ላይ ማስቆም ይቻላል፤ ሞተሩ ራሱ መኪናውን የሚያዘገይበት የሞተር ፍሬንም አለው። ከቁልቁለቱ በፊት አዘጋጅቼ ወረድኩ፤ ፍሬን የነካሁት ሦስቴ ብቻ ነው።

ወደ ኋላ ስትሄድ ከኋላ ሰው መቆም አለበት። አገር ቤት ረዳቱ «ና! ና! ና! በቃ!» እያለ የመኪናውን ጎን ይደበድብልሃል፤ እዚህ በእጅ ምልክት ነው። ሰውየው ከስፖኪዮው ከጠፋ ቁም። እኔ «ይመጣል» ብዬ አንድ ሜትር ጨመርኩና የሻወር ድንኳኑን ምሰሶ ሰበርኩት። ውስጥ ሰው ነበር፤ የሰደበኝን አልጽፈውም።

ተጎታች ይዞ ወደ ኋላ መሄድ ግን እስካሁን አልሆነልኝም። መሪውን ወደ ግራ ሳዞር ተጎታቹ ወደ ቀኝ እንደሚሄድ አውቃለሁ፤ እጄ ግን አያምንም። ትናንት አሥር ጊዜ ሞክሬ ሁለቴ ብቻ ቀጥ ብሎ ገባልኝ። ተጎታች የነዳችሁ ካላችሁ፣ መሪውን መመለስ የምትጀምሩት መቼ ነው?