ሾፌሩ ፒላቴስ ጀመረ

ፒላቴስ የሚባለውን፣ ከትንፋሽ ጋር ቀስ ተብሎ የሚሠራ የሰውነት እንቅስቃሴ እሠራለሁ ስል የማገኘው የመጀመሪያ ምላሽ ሳቅ ነው። አሜሪካ፣ ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ባለው ደለስ ኤርፖርት ተራ የምንጠብቅ ሾፌሮች ዘንድ ወሬው ሲደርስ «እሱ የሴቶች ነገር አይደል እንዴ?» ያላለኝ የለም። እኔም ብዙ አልከራከርም። ክፍሉ ውስጥ ወንድ እኔ ብቻ የምሆንበት ቀን ብዙ ነው። ግን ወገቡን ታሞ ካልሲውን ለማጥለቅ ሚስቱን የሚጠራ ሰው ይሉኝታ የሚባል ነገር አይቀረውም።

የሥራችን ነገር ይታወቃል። ቀኑን ሙሉ መሪ ጨብጦ መቀመጥ፣ ከዚያ ድንገት ወርዶ ሻንጣ ማንሳት። በተለይ መንገደኛው ወደ አገር ቤት የሚሄድ ከሆነ! የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከዚህ ለሚነሳ ተሳፋሪ ሁለት ባለ 23 ኪሎ ሻንጣ ይፈቅዳል፤ የኛ ሰው ደግሞ ከተፈቀደለት ላይ አንዲት ግራም አያስቀርም። እኔንም ወገቤን የያዘኝ እንዲህ ዓይነት ቀን ላይ ነው። ሻንጣው ከመሬት ሳይነሳ እኔ ጎብጬ ቀረሁ። ሕመሙ ከወገቤ ተነስቶ በቂጤ በኩል እስከ ባቴ ወረደ።

ኤምአርአይ ተነሳሁ። ታችኛው ወገቤ ላይ፣ በአራተኛውና በአምስተኛው አጥንት መካከል እንደ ትራስ ያለው ዲስክ ወጣ ብሎ ነርቭ ነክቷል ተባልኩ። ቀዶ ሕክምና አያስፈልግህም፣ ብዙ ሰው በጊዜና በእንቅስቃሴ ይሻለዋል አሉኝ። እናቴ በስልክ «እዚያ አገር ወጌሻ የለም እንዴ? ታሽ እንጂ ልጄ!» ትለኛለች። አክስቴ ደግሞ ከአልጋ እንዳልወርድ ታስጠነቅቀኛለች። ሐኪሙ ጠበቅ አድርጎ የከለከለኝ ግን እሱኑ፣ ብዙ መተኛቱን ነው።

ቀጥሎ ፊዚዮቴራፒ ገባሁ። እግሬን የሚለበልበኝ ነገር ቀስ በቀስ ጠፋ። ያልጠፋው ፍርሃቱ ነው። ቁልፍ ቢወድቅብኝ ጎንበስ ብዬ ከማንሳት በእግሬ እየገፋሁ ግድግዳ ዘንድ አደርሰዋለሁ። ሳስነጥስ እንኳ አንድ ነገር ጨብጬ ነው። ሰውነቴ ሁልጊዜ እንደተወጠረ ነበር፤ ውጥረቱ ራሱ ደግሞ ያማል። ኢንሹራንሴ የሚሸፍነው ቀጠሮ ሊያልቅ ሲል ፊዚዮቴራፒስቷ «አሁን የሚያስፈልግህ ሰውነትህን እንደገና ማመን ነው። ፒላቴስ ሞክር» አለችኝ።

በካውንቲው የመዝናኛ ማዕከል የሚሰጥ፣ ያለ መሣሪያ ምንጣፍ ላይ የሚሠራ የፒላቴስ ክፍል አገኘሁ። በኛ አካባቢ ሪፎርመር በሚባለው፣ ሞላ በተገጠመለት ተንሸራታች መሣሪያ መሥራት ለአንድ ክፍለ ጊዜ 30 ዶላርና ከዚያም በላይ ያስወጣል። ምንጣፉ በጣም ይረክሳል። ስለ ሪፎርመር የሚወራው እውነት ነው፣ ደስ ይላል፤ ግን ለመጀመር የግድ አይደለም።

አስተማሪዋ ከስድሳ ያለፈች ሴት ናት። ክፍሉን በሙሉ ያስጀመረችን ከአተነፋፈስ ነው። ሁለት እጃችንን የታችኛው ጎድናችን ላይ አስቀመጥን። በአፍንጫ አየር ሳብ፣ ጎድንህ ወደ ጎንና ወደ ኋላ ይከፈት፣ እጅህን ሲገፋው ይሰማህ። ከዚያ በአፍ ቀስ ብለህ አውጣ፣ በዚያው ከእምብርትህ በታች ያለውን ሆድ ወደ ውስጥ ሰብሰብ አድርግ። የጠበበህን ሱሪ ዚፕ ልትዘጋ ስትል እንደምታደርገው፣ ግን ከዚያ በጣም ባነሰ ጉልበት። በቃ ይኸው ነው። ስፖርት ማለት ላብ የሚመስለኝ ሰው ስለሆንኩ ሰዓቴን እያየሁ ነበር።

ነገሩ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ሆዳችንን ዙሪያውን የሚይዝ ጥልቅ ጡንቻ አለ፤ ከአከርካሪ አጥንት ጋር የተያያዙ ትንንሽ ጡንቻዎች አሉ፤ ከላይ ዲያፍራም የሚባለው የትንፋሽ ጡንቻ፣ ከታች የዳሌ ወለል የሚባሉት፣ ዳሌን ከሥር የሚደግፉ ጡንቻዎች። እነዚህ አንድ ላይ ሲሠሩ ወገብ ድጋፍ ያገኛል። ወገቡን የታመመ ሰው ላይ ብዙ ጊዜ እነዚህ ሥራ ለመጀመር ይዘገያሉ፣ ትልልቆቹ የውጭ ጡንቻዎች ደግሞ ያለቅጥ ይወጠራሉ ይባላል። በትንሽ ጉልበት እንድንሠራ የሚደረገው ለዚህ ነው። ኃይል ስትጨምር ትልልቆቹ ቀድመው ሥራውን ይነጥቃሉ።

ካሳዩኝ ሁሉ የምወደው ድልድዩን ነው። ጀርባህ ላይ ተኝተህ ጉልበትህን ታጥፋለህ፣ ሁለት እግርህን መሬት ታስረግጣለህ፣ ቂጥህን ታነሳለህ። እዚህ ድረስ ማንም ይችላል። ጉዱ ያለው መውረዱ ላይ ነው። ከደረት ጀምረህ አከርካሪህን አጥንት በአጥንት ምንጣፉ ላይ ማሳረፍ አለብህ። እኔ ወገቤ ጋ ስደርስ አጥንቶቹ ተራ አይጠብቁም፣ አንድ ላይ ዱብ ይላሉ። አስተማሪዋ «እንደገና፣ ቀስ» ትላለች። እንደገና ዱብ። ወራት አልፈው አንድ ቀን በየተራ ሲያርፉ ተሰማኝ። ለሌላ ሰው ብነግር ምን ይለዋል? እኔ ግን መኪና ውስጥ ገብቼ ብቻዬን ሳቅሁ።

«መቶው» የሚሉት ደግሞ አለ። እግር ከፍ ይላል፣ ራስና ትከሻ ከምንጣፉ ይነሳሉ፣ ክንድ ጎንህ ላይ ተዘርግቶ አጭር አጭር እየመታ ወደ ላይና ወደ ታች ይሄዳል። አምስት ምት አየር ታስገባለህ፣ አምስት ምት ታስወጣለህ፤ አሥር ጊዜ ሲደገም መቶ ይሞላል። እኔ ለረጅም ጊዜ የሠራሁት ራሴን ሳላነሳ፣ እግሬን መሬት ላይ አድርጌ ነው። ተኝተህ ቀስ ብለህ የምትነሳበትን ሮል አፕ የሚባለውንም ከነአካቴው ዘለልኩት፤ ዲስኩ ለተነካ ሰው ወደ ፊት ብዙ መታጠፍ መጀመሪያ አካባቢ ሕመሙን ሊያባብስ ይችላልና። ለአጥንት መሳሳት ታማሚም እንዲህ ያለው ጉብጠት አይመከርም። አጠገቤ ያለችው ሴት እንደ ላስቲክ ብትተጣጠፍ የሷ ጉዳይ ነው።

ወደ «የሴቶች ነገር» ልመለስ። የፈጠረው ሰው ወንድ ነው፣ ያውም ቦክስ የሞከረ። ጆሴፍ ፒላቴስ እ.ኤ.አ. በ1883 ጀርመን ውስጥ ተወለደ። በልጅነቱ አስምና የአጥንት መልፈስፈስ ያሠቃየው ነበር፤ ሰውነቱን በስፖርት ነው ያዳነው። አንደኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዝ አገር ሳለ ደረሰበትና ጀርመናዊ በመሆኑ ታስሮ ማን በምትባለው ደሴት ካምፕ ውስጥ ከረመ። የታመሙ እስረኞች ተኝተው እንዲሠሩ የአልጋ ሞላ ተጠቅሞ መሣሪያ ሠራላቸው ይባላል። በ1920ዎቹ ኒው ዮርክ ገባና ከሕይወት አጋሩ ከክላራ ጋር ስምንተኛው ጎዳና ላይ ስቱዲዮ ከፈተ። ጉዳት የደረሰባቸው የባሌ ዳንሰኞች ይመላለሱበት ጀመር። የሴቶች ስፖርት የመሰለው እንግዲህ ከዚያ ወዲህ ይመስለኛል። እሱ ራሱ ሥራውን የሚጠራው ኮንትሮሎጂ ብሎ ነበር፣ ሰውነትን የመቆጣጠር ዕውቀት እንደማለት። በ1967 አረፈ። ለሾፌሮቹ ይህን ስነግራቸው ጥቂቶቹ ዝም አሉ፣ የቀሩት «ቦክሱን አይሻልህም ነበር?» ብለውኝ አረፉት።

ተአምር ነው ብዬ ግን አልሸጥም። ኮክሬን የሚባለው፣ የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝን ተቋም እ.ኤ.አ. በ2015 ፒላቴስን ለታችኛው ወገብ ሕመም ገምግሞት ነበር። ምንም ወይም ጥቂት ሕክምና ከማግኘት ይሻላል፤ ከሌላ ዓይነት የሰውነት እንቅስቃሴ ይበልጣል ለማለት ግን በቂ ማስረጃ የለም ነው ያለው። እኔ ይህ አይከፋኝም። መዋኘት የሚወድ ይዋኝ። ለኔ የሠራልኝ ቀስ ማለቱ ነው። ከአቅሜ በታች ባለ ትንሽ እንቅስቃሴ ጀምሬ «ይኸው ጎንበስ አልኩ፣ ምንም አልሆንኩም» እያልኩ ፍርሃቴን እየሸረሸርኩ ሄድኩ።

ሥራዬ ላይ የተለወጠው ብዙ ነው። ሻንጣ ከማንሳቴ በፊት ወደ ሰውነቴ አስጠጋዋለሁ፣ ከወገቤ ሳይሆን ከዳሌዬ እታጠፋለሁ፣ ስነሳ አየር አወጣለሁ። ቦርሳዬን ከኋላ ኪሴ አወጣሁት። ከመኪና ስወርድ ሁለት እግሬን አንድ ላይ አዙሬ ነው። ተራ ስጠብቅ ወንበር ላይ አልከርምም፣ ወርጄ እንጎራደዳለሁ።

ከሁሉ ደስ ያለኝ ስግደቱ ነው። ወገቤ ከያዘኝ ወዲህ ቅዳሴውን መቋሚያ ተደግፌ ነበር የምቆመው፤ በሕማማት ሰው ሁሉ ሲሰግድ እኔ ራሴን ብቻ ዝቅ አደርግ ነበር። ስግደት እኮ ለካስ ከባድ ሥራ ነው። ከዳሌ መታጠፍ አለ፣ በእጅ መደገፍ፣ በጉልበት መውረድ፣ ግንባር መሬት አስነክቶ ያንኑ ወደ ኋላ መመለስ። ቤት ውስጥ ምንጣፌ ላይ በየክፍሉ ለየብቻ ተለማመድኩት። አሁን የቻልኩትን ያህል እሰግዳለሁ። ሲደክመኝ አቆማለሁ፣ የንስሐ አባቴም አልተቆጡኝም።

ሕመሙ አልፎ አልፎ ይመለሳል። በተለይ ብርድ ሲገባና ሥራ ሲበዛ። ያኔ ልምምዱን አላቋርጥም፣ አሳንሰዋለሁ፦ ትንፋሽ፣ ግማሽ ድልድይ፣ አጭር የእግር ጉዞ። ልምምድ ሲሠራ የሚሰማ የጡንቻ ድካምና ወደ እግር የሚወርድ ሹል ሕመም የተለያዩ ናቸው። ሁለተኛው ሲመጣ ያን እንቅስቃሴ እተወዋለሁ። መቀመጫ አካባቢ መደንዘዝ፣ ሽንት መቆጣጠር አለመቻል፣ የእግር መዛል ከመጣ ግን ምንጣፉን ትቶ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው። ትኩሳት ወይም ያለምክንያት መክሳት የተቀላቀለበት የወገብ ሕመምም ለሐኪም የሚነገር እንጂ በስፖርት የሚታለፍ አይደለም።

መጀመር ለምትፈልጉ፣ ከክፍሉ በፊት አምስት ደቂቃ ቀድማችሁ ግቡና የታመማችሁትን ለአስተማሪው ንገሩ። ይህን እንዴት አድርጌ ላቅልለው ብላችሁም ጠይቁ። «ዝም ብለህ ተከተለኝ» የሚል መልስ ካገኛችሁ ሌላ ክፍል ፈልጉ።